ከታካሚነት ወደ አካሚነት
ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገብተው ሥራ ሲጀምሩ፣ በተራዘመ ምጥ ሳቢያ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው፣ ከሰው ተገልለው የኖሩ እናቶች ይመጡላቸው ጀመር። ጉዳቱ ፊስቱላ ይባላል፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ከዳኑት ሴቶች አንዳንዶቹ እዚያው ቀርተው በነርስ ረዳትነት ሠለጠኑ፤ አዲስ ታካሚን በዚያው ሥቃይ ያለፈች ሴት መቀበሏ ከመድኃኒት የማይተናነስ ኃይል ነበረው።

ከሁሉ ጎልተው የሚታዩት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ሆስፒታሉ ከመከፈቱ በፊት፣ በ1962፣ ወደ ሐምሊኖች ለሕክምና መጡ፤ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል እያገዙ እጃቸውን አፍታቱ። በመጨረሻም ራሳቸው ፊስቱላ የሚጠግኑ፣ ሐኪሞችንም የሚያሠለጥኑ ባለሙያ ሆኑ። በ1989 የለንደኑ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው።

ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ላልዳነላቸው ደግሞ ከከተማው ዳር ደስታ መንደር ተቋቋመ፤ በዚያም ፊደል ቆጥረው ሙያ ይማራሉ።