ኩንታሉ ሲቆጠር አፈሩም ይቆጠር

ስለ እርሻ ዕድገት ሲነሳ የሚቀድመው ጥያቄ «በሄክታር ስንት ኩንታል?» ነው። ሕዝቡን መመገብ ያለበት አገር ከዚህ መጀመሩ ትክክል ነው። ችግሩ ልኬቱ እዚያው ላይ ማብቃቱ ነው።

እንግሊዛውያኑ ጆን ሎውስና ጆሴፍ ጊልበርት በ1843 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሮትሃምስቴድ ላይ ስንዴ ዘሩ። አንዱን መደብ ፍግ፣ ሌላውን የፋብሪካ ማዳበሪያ አለበሱት፤ አንዱን ያለምንም ነገር ተዉት። ምርቱን መመዘን ጀመሩ፤ ሙከራው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

የኢኮኖሚ ሊቃውንት ሚዛኑን ያሰፉት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ሮበርት ሶሎው በ1957 ባሳተመው ጥናት ጉልበትና ካፒታል ብቻቸውን የማያስረዱትን ዕድገት ለይቶ አሳየ። በዚሁ መንገድ የእርሻ ምርትም ለመሬት፣ ለጉልበት፣ ለማሽንና ለማዳበሪያ በአንድነት እየተካፈለ ይለካ ጀመር። በዚህ ስሌት የአሜሪካ እርሻ ከ1948 ወዲህ ምርቱን ወደ ሦስት እጥፍ ሲያደርስ፣ የግብዓቱ ድምር እምብዛም አልጨመረም። ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ስሌቱ የሚያውቀው ዋጋ የወጣለትን ነገር ብቻ ነው። ከማሳ ታጥቦ በሚሲሲፒ ወንዝ የሚወርደውና የሜክሲኮ ሰላጤን ውኃ ኦክስጅን የሚያሳጣው ናይትሮጅን ገበያ ስለሌለው ከመዝገቡ ውጭ ቀረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሮልፍ ፋሬና ባልደረቦቹ ብክለትን እንደ «ያልተፈለገ ምርት» ከስሌቱ ውስጥ ያስገቡት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

በተግባር ደፍራ የሞከረችው ኔዘርላንድ ናት። ከ1998 ጀምሮ ገበሬው በመኖና በማዳበሪያ ወደ እርሻው የገባውን ናይትሮጅንና ፎስፌት፣ በወተት፣ በሥጋና በሰብል ከወጣው ጋር እያስተያየ እንዲመዘግብ ታዘዘ። ትርፉ ከተፈቀደው በላይ ሲሆን ይቀጣ ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2003 አሠራሩ የኅብረቱን የናይትሬት መመሪያ አያሟላም ብሎ ስለፈረደ በ2006 ቀረ። በእኔ እምነት ግን እንዲህ ያለ ግልጽ የእርሻ ሒሳብ ጥቂት ነው፤ ገበሬው የሚያባክነውን በገዛ መዝገቡ ያይ ነበርና።

የእኛ አገር ዕዳ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ንጥረ ነገሩ ይተርፋል፣ እዚህ ይጎድላል። ኩበቱ ለማገዶ፣ ገለባው ለከብት ይሄዳል፤ ለማሳው የሚመለስለት ጥቂት ነው። ከ1981 ጀምሮ ሃንስ ሁርኒና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጢድ፣ በጎጃም አንጀኒ ጎርፍ የሚወስደውን አፈር መለኩ። ከታረሰ ማሳ በዓመት በአማካይ 42 ቶን በሄክታር እንደሚታጠብ ገመቱ። ከፊሉ ወንዝ ሳይደርስ ታች ያለ ማሳ ላይ ይቀራል። ቢሆንም አሥር ኩንታል ጤፍ የሚመዘገብለት ማሳ 420 ኩንታል አፈር ሲያጣ፣ የሚመዘገበው አሥሩ ብቻ ነው።

ከወረዳ እስከ ሚኒስቴር «ምርትና ምርታማነት አደገ» የሚል ሪፖርት በተጻፈ ቁጥር፣ ከኩንታሉ ጎን የታጠበው አፈርና የጎደለው ንጥረ ነገር አብሮ ይጻፍ።