ባዶ ያልነበረው መሬት

መተማ ሲነሣ የአብዛኛው ሰው ልቡና ወደ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ይሄዳል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው የወደቁበት ምድር ነውና፤ የጠረፉ ከተማም መተማ ዮሐንስ ተብሎ በስማቸው ይጠራል። የቋራውን ካሳ የሚያስታውስም አይጠፋም። እኔ ግን ዛሬ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ነገሥታት አላወራም። ወጌ ስለ ዛፍና ስለ ቤት ነው፤ የሚጀምረውም ከገዛ ቤተ ሰቤ ነው።

በ1995 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የሰፈራ መርሐ ግብር ጀመረ። ዕቅዱ በሦስት ዓመት ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ሰው ከተራቆተ መሬት አንሥቶ ማስፈር ነበር። እንደ ደርግ ዘመኑ ሰፈራ ሰው ተገድዶ እንዳይጫን፣ ከክልሉም እንዳይወጣ ተወሰነ። በአማራ ክልል ከተመረጡት ስፍራዎች መካከል መተማና ቋራ ይገኙባቸዋል። ከመምረጫ መርሖዎቹም አንዱ መሬቱ በሚገባ ጥቅም ላይ ያልዋለ መሆኑ ነው።

ወላጆቼ በማግሥቱ ዓመት ከደጋ ሲወርዱ እኔ ልጅ ነበርሁ። በሬዎቻችንን ድርቅ ጨርሷቸው ነበርና ወደ ኋላ የሚስበን አልነበረም። አባቴ ማሳውን መንጥሮ እንጨቱን ሲያቃጥል ጭሱ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ። እናቴ አማተበች። ያቃጠልነው የዕጣን ዛፍ መሆኑን የነገሩን የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ዕጣንን በጽና ውስጥ እንጂ በዛፍ ላይ አይተነው አናውቅም።

እነሆ፣ መሬቱ ጥቅም ላይ ውሎ ኖሯል! ጉሙዞች ማር ይቆርጡበታል፤ ሥራሥርና የዱር ፍሬ ይለቅሙበታል፤ እርሻቸውን ከቦታ ቦታ እያዛወሩ አፈሩን ያሳርፉበታል። በበጋ ደግሞ ዕጣን አምራቾች ይወጣሉ። ቅርፊቱን በስለት በስሱ ይፍቃሉ፤ የፈሰሰው ሙጫ ሲደርቅ ይሰበስባሉ፤ ቁስሉን ጥቂት አስፍተው እንደ ገና ይመለሳሉ። ከዚህ ሁሉ ግን የታረሰ መሬት ብቻ ለሚቆጥር ዓይን የሚታይ ምንም አልነበረም።

ጥፋቱን ሁሉ በሰፋሪ ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። ሰሊጥና ጥጥ የሚያመርቱ ባለሀብቶችም ደኑን ገፍተውታል። በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳስረዳው አብዛኞቹ የዕጣን ደኖች ለዐሥርት ዓመታት ተተኪ ዛፍ አላሳደጉም፤ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የዕጣኑ ምርት በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ዘሩ ይበቅላል፤ ነገር ግን ቡቃያውን ከብት ይግጠዋል፣ ሰደድ እሳት ይበላዋል። አሮጌውም ያለ ዕረፍት እየተፋቀ ይደክማል።

ሰፈራው ሳያበቃ በ1998 ዓ.ም. ክልሉ በቋራ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ምድር ከልሎ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለው። ፓርኩ በ1935 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች የተከሏቸው ካሜራዎች በዚያ አንበሳ ሲያነሡ የውጭ ጋዜጦች «ያልታወቁ አንበሶች ተገኙ» ብለው ጻፉ። የአገሬው ሰው ግን ሲያገሡ እየሰማ ነው ያደገው። ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት፣ ያልታወቀ አንበሳ፤ ሁለቱም ቃላት ነዋሪውን ሳይጠይቁ የተነገሩ ናቸው።

ዛሬ የሰፋሪ ልጅ ጎልምሷል። ታናሽ ወንድሜ ትዳር ይዞ የቤት መሥሪያ ቦታ ይሻል። ከመንደራችን በላይ ያለው ድንጋያማ ኮረብታ ለወጣቶች ይሸንሸን የሚል ሐሳብ በስብሰባ በተነሣ ጊዜ እኔ ተቃወምሁ፤ በአካባቢያችን የቀረው የዕጣን ዛፍ በዚያ ነውና። ወንድሜ ተነሥቶ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንተማ ጎንደር ቤት አለህ» አለኝ። መልስ አጥቼ ተቀመጥሁ።

መልሴን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ወንድሜ ቤት ያስፈልገዋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ያባቴ ማሳ ለልጆቹ ሁሉ ተከፍሎ አይበቃምና ከቤቱ ሌላ መተዳደሪያ ይሻል። የተመነጠረው ሜዳ በመንገዱ ዳር አለ፤ ቤቶቹ በዚያ ተጠጋግተው ይሠሩ። ኮረብታው ከከብትና ከእሳት ተጠብቆ፣ ዛፉም የዕረፍት ዓመት እየተሰጠው፣ ዕጣኑን ወጣቶቹ በማኅበር ያምርቱ። ስለ ዛፉ የሚያውቁትም ጉሙዞች በስብሰባው ተቀምጠው ይጠየቁ። እኛ ስንመጣ የጠየቃቸው አልነበረም።

እናቴ ዛሬም በዚያው መንደር አለች። ቡና ስታፈላ የምታጤሰውን ዕጣን ከገበያ በሲኒ እያስሰፈረች ትገዛለች።