የቮልሷ መብራትና የጠገራ ብሩ ቅንጣት

ስሙኝማ፤ ይህን የማወራችሁ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጣቴም የነካሁትን ነው።

ከሱሉልታ ስንመለስ መሽቶብን ነበር። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አጎቴ ከጎኔ ተቀምጠዋል። መኪናዋ የእሳቸው ናት። እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል ቮልስ፣ ባለ 6 ቮልት። አጎቴ እሷ ውስጥ በተቀመጡ ቁጥር አንድ ወሬ አይቀራቸውም፤ ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስ ሲወሰዱ ከተማው ምን ይመስል እንደነበር ያጫውቱኛል። ያን ምሽትም ወሬው ግማሽ ላይ ደርሷል።

ቁልቁለቱን ወደ አዲሱ ገበያ ስንጀምር ጉም ወረደብን። መብራቱ ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር፤ አሁን ጭራሽ እንደ ኩራዝ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ሽታ መጣ። የጎማ አይደለም፣ የቤንዚንም አይደለም። አፍንጫን የሚቆነጥጥ የተቃጠለ ባክላይት ሽታ ነው። እጄን ሰድጄ ክሩስኮቶው ላይ ያለችውን የመብራት ማብሪያ ብነካት ጣቴን ለበለበችኝ። ያን ጊዜ ድርግም!

«ፍሬን! ቀስ፣ ቀስ በል!» አሉ አጎቴ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ማብሪያዋን ገፋ፣ ሳብ፣ ደግሜ ገፋ ሳብ ሳደርግ መብራቱ ብልጭ አለና ተመለሰ። ከፊታችን ያለፈ አንድ ኤፍኤስአር ጭነት መኪና ነበር፤ የኋላ መብራቱን እንደ መሪ ኮከብ ተከትለን ቤት ገባን። አጎቴ ሲወርዱ አንድ ቃል አልተናገሩም። የጃንሆይ ወሬም ግማሽ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራውን ራሴ ጀመርኩት። ቮልስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ባትሪዋ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን አንስቼ መጀመሪያ የማሳውን ገመድ ፈታሁ። ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ ከኋላ ተነስቶ እስከ መብራት ማብሪያው የሚመጣው ወፍራም ቀይ ሽቦ መሀሉ ላይ ፊውዝ የለውም። ባትሪው ሳይፈታ ካቻቪቴ አምልጦ ያንን ሽቦ ከቦዲው ጋር ካገናኘው፣ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ሆኖ ይነዳል። ከዚያ የፊቱን ኮፋኖ ከፍቼ ከክሩስኮቶው ጀርባ ያለውን ካርቶን አነሳሁ። ሽቦዎቹን ከመንቀሌ በፊት በየጫፋቸው ፕላስተር ጠቅልዬ ቁጥራቸውን ጻፍኩ። ማብሪያው ላይ ቁጥሮቹ ታትመዋል፤ 30 ከባትሪ የሚመጣው ነው፣ 56 ወደ ፊት መብራት፣ 58 ወደ ፓርኪንግና ወደ ኋላ መብራት ይሄዳል። ጀርመኖች ያን ቁጥር ለመኪኖቻቸው ሁሉ ስለሚጠቀሙበት አንዴ የለመደ ሰው በሌላም መኪና አይደናገርም።

የማብሪያዋን ጭንቅላት በግራ አዙሬ ፈታኋት፣ የያዛትን ቀለበት አወጣሁ፣ ማብሪያው በእጄ ገባ። መጠኑ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። የታጠፉትን የብረት ጥርሶች በትንሽ በትንሹ ቀና አድርጌ ስከፍተው ውስጡ ጥላሸት መስሏል። የነሐሱ ምላስ ጫፍ ተቦድሷል፤ የባክላይቱም አንድ ጎን ነዶ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። እኔም ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ። ነሐሱ ወርቅ እስኪመስል ፈተግሁት፣ ገጠምኩት፣ ሳብኩት፤ መብራቱ ቦግ አለ። አጎቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ደስ አላቸው።

ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ያው ሽታ፣ ያው ሙቀት።

ያኔ ነው መርካቶ አጠገብ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ኤሌትሪክ ሠሪ የሄድኩት። ማብሪያው በእጄ ነው፤ ፈትቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤላቸዋለሁ። አላዩትም።

«መኪናዋ የታለች?»

«ቤት ናት፣ አባባ።»

«ሂድና ግጠመው፤ መኪናዋን ይዘህ ና። ሕመሙ ያለው እዚህ ይሁን ሌላ ቦታ በምን አወቅህ?»

ሄድኩ፤ ገጠምኩ፤ መጣሁ። መብራቱን አስበሩኝና ቴስተራቸውን አወጡ። ባትሪው ላይ 6.1 ቮልት። አምፖሉ ጫፍ ላይ 4.8። «1.3 ቮልት መንገድ ላይ ተበልቷል» አሉ። «አሁን በላተኛውን እንፈልግ።» የቴስተሩን አንድ እግር ማብሪያው መግቢያ ላይ፣ ሌላውን መውጫው ላይ አደረጉ። ጤነኛ ማብሪያ ቢሆን ወደ ዜሮ የቀረበ ነገር ማሳየት ነበረበት። 0.8 አሳየ። ከፍሪሲዮኑ አጠገብ ያለውን፣ በግራ እግር የሚረገጠውን የመብራት መቀያየሪያ ደግሞ ለኩ፤ 0.3። ጭቃና ውኃ የሚጠጣ ቦታ ላይ ስለተቀመጠ እሱም ዝጓል። የቀረው ትንሽ ነገር በሽቦውና በማሳው ነበር።

አንድ ቮልት ከምናምን ምን አላት ትሉ ይሆናል። ለአምፖል ግን ብዙ ናት። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ይልቅ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው፤ ቮልቱ ከአምስት እጅ አንዱ ሲቀንስ ብርሃኑ ከግማሽ በታች ይሆናል። ያን ሌሊት በግማሽ ዓይን ነበር ቁልቁለቱን የወረድነው ማለት ነው።

ደግሞ 6 ቮልት መሆኑ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሁለቱ የፊት አምፖሎች አጭሩ መብራት ላይ እያንዳንዳቸው 40 ዋት ናቸው። 80 ዋት ለ6 ቮልት ሲካፈል ከ13 አምፔር በላይ ይመጣል። በ12 ቮልት ቢሆን ግማሹ በቂ ነበር። 13 አምፔር፣ 0.8 ቮልት በምትበላ አንዲት የተቦደሰች ነጥብ ላይ ሲያልፍ ወደ 10 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይተዋል፤ ያውም የምስር ቅንጣት በማታክል ቦታ። ባክላይት ይህን እስከመቼ ይችለዋል?

«ታዲያ እኔ አጽድቼው ነበር እኮ፣ አባባ። ለምን ተመለሰ?»

ማብሪያውን አሁን ከፈቱት። የነሐሱን ምላስ አልነኩም። ከሥሩ ያለችውን፣ ምላሱን ወደ ላይ የምትገፋውን ስፕሪንግ በፒንሳ አወጡና መዳፌ ላይ አኖሯት። ሰማያዊ ሆናለች።

«ጫናት።»

በጣቴ ጫንኳት፤ ሟሸሸች። ጉልበት የላትም።

«አየህ ልጄ፣ ቆሻሻው ልጅ ነው፤ እናቱ ይቺ ናት። ነሐሱ ሲጠቁር ይግላል። ሲግል ስፕሪንጉ ይላላል። ስፕሪንጉ ሲላላ ምላሱን አጥብቆ አይዝም፤ ላልቶ ሲነካ እንደገና ይግላል። አንተ ልጁን አጥበህ ለእናቱ መለስክላት። ብርጭቆ ወረቀትህም ፊቱን ቧጥጦ አሻከረው፤ የሚነካካው ጫፍ ለጫፍ ብቻ ሆነ።»

ያን ቀን የተማርኩት ይህንን ነው፤ እስከዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አጎቴን ያስነዳኋቸው ባበራሁት ነሐስ ተማምኜ ነበር።

ስፕሪንጓ ቀላል ሆነች። ምናለሽ ተራ ሄጄ ከአሮጌ ዕቃ መሀል ቁመቷም ውፍረቷም የሚመጥን አንዲት አገኘሁ። የነሐሱ ጫፍ ግን በጣም ስለተበላ ስፕሪንግ ብቻ አይበቃውም። ሽማግሌው ፒያሳ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ላኩኝ። «ብር ያልብስልህ፤ ንጹሕ ብር አይሁን፣ ይለሰልሳል። የጠገራ ቁርጥራጭ ካለው እሱን።»

ጠገራ ብር! ማርያ ቴሬዛ ያለችበት፣ እሷ ከሞተች በኋላም መቼም ይመታ መቼም 1780 የሚል ቀን የማይለየው። ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። ያ መዳብ ነው ብሩን የሚያጠነክረው። አንጥረኞቻችን መስቀልና ድሪ ሲሠሩ ያቀልጡት የነበረው ይኸው ነው። ሰውየው ከመሳቢያው አንዲት ቁራጭ አወጣ፤ ለመስቀል ሲቆረጥ የተረፈች ናት። ሙሉ ገንዘብ እንዲቆርጥ ቢሆን እኔም እሺ አልልም ነበር። መጅ በመሰለች ትንሽ መስፍ ላይ ቀጥቅጦ እንደ ዓሣ ቅርፊት አሳሳት። ነሐሱን ሞረደ፣ የብየዳ ዱቄት ነሰነሰ፣ በትንፋሽ በሚነፋ ትንሽ እሳት ብየዳውን አቀለጠ። ነሐሱ ቀላ፤ የብየዳው ብር በድንገት እንደ ውኃ ፈሰሰና ቅርፊቷን ያዛት። ከዚያ ውኃ ውስጥ ጨመረው። ጭስ! ስፕሪንጉ ለብቻው ስለሆነ እሳቱ የነካው ነሐሱን ብቻ ነው። ሲቀዘቅዝ በለስላሳ ሞረድ ፊቱን አስተካከለው፤ እኔ እንዳደረግኩት አልቧጠጠውም።

ስመለስ ሽማግሌው ብሩን በጥፍራቸው ዳሰሱት። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ጨመሩ፤ ሪሌ። ከፊት ኮፋኖው ሥር፣ ከማይታይ ቦታ ላይ። ብዙውን ኤሌትሪክ ሪሌው ይሸከመዋል፣ በፊውዝ አድርጎ፤ ማብሪያዋ ሪሌውን ለመቀስቀስ የምትበቃ ጥቂት ኤሌትሪክ ብቻ ታሳልፋለች። የድሮ መኪና እንደ ወጣች ይቀመጥ የሚሉ ሰዎች ይህን አይወዱትም፤ አክብሮታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ከሽማግሌው ጋር ነኝ። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1966 ሞዴል ጀምሮ የእግሩን መቀያየሪያ ትቶ ፍሬቻው ዘንግ ላይ ሲያወጣው ሪሌ አስገብቶበታል። ደግሞ ሌሊት ጉም ውስጥ አጎቴን ይዤ ነው የምሄደው።

የእግሩን መቀያየሪያ ፈትተው አጸዱት፤ የማሳውን መያዣ እስከ ብረቱ ፋቁ፣ ቅባት ቀቡ። እንደገና ተለካ። አምፖሉ ጫፍ ላይ 5.7 ቮልት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱሉልታ ሄደን ሆን ብለን አመሸን። ስንመለስ ጉም አልነበረም፤ ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች ግንዳቸው ነጭ ሆኖ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። አጎቴ እየቆጠሩ ይሁን እያሰቡ አላውቅም፣ ዝም ብለዋል። ቁልቁለቱ መሀል ላይ እጃቸውን ዘረጉና የማብሪያዋን ጭንቅላት ያዙ። ያዟትና ቆዩ።

«ቀዝቃዛ ናት» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሳያነሱ፦ «እና ያን ቀን ጠዋት፣ ቮልሷ ከበሩ ስትወጣ...»