ማዳበሪያ የሌለበት ማዳበሪያ

ባለፈው ደባርቅ በሄድን ጊዜ ገበያ ወጥተን ገብስ ልንሸምት ቆምን። አንዲት እናት ጣሳቸውን አንስተው ሊሰፍሩልን ሲሉ «ማዳበሪያ ይዛችኋል?» አሉን። አልያዝንም። የያዝነው አንድ ፌስታል ነው። ሴትዮዋ ፌስታሏን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩዋትና «እናንተ ልጆች፣ ይቺማ ዳባት ሳትደርሱ ትተረተራለች» ብለው ሳቁብን።

ማዳበሪያ ሲሉን ማንኛችንም ግራ አልተጋባንም። አዲስ አበባም የምንለው እንዲሁ ነው። ግራ የገባን ማታ ሻይ ይዘን ስናወራው ነው። ገብስ ሊያዝበት፣ ከሰል ሊያዝበት፣ የተማሪ ልብስ ሊታጨቅበት፣ ስሙ ለምን ማዳበሪያ ሆነ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዩሪያና ዳፕ የመጣበት ነጭ ከረጢት፣ ዩሪያው እርሻ ላይ ሲያልቅ የዩሪያውን ስም ወርሶ ቤት ቀረ። ከረጢቱ ከየት እንደመጣ ስሙ ይናገራል ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ የከረጢት ታሪክ ልናወራ ነው። አትሳቁ። ታሪክ ያለው ንጉሥና ጦርነት ብቻ ነው እንዴ?

አቆማዳ ለበቅሎ፣ ጆንያ ለመኪና

ከጎንደር ተነስቶ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን የሚወርደው፣ ከዚያም ተከዜን ተሻግሮ አድዋና ምጽዋ የሚያደርሰው መንገድ የድሮ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነበር።

በዚያ መንገድ እህል የሚጓዘው በአቆማዳና በስልቻ ነው። የፍየሉ ቆዳ ይገፈፋል፣ ይፋቃል፣ ይለፋል፣ ከረጢት ይሆናል። አቆማዳ በአጋሰስ ግራና ቀኝ ሲጫን ከእንስሳው ጎን ጋር ይስማማል። ሲቀደድ ይጣፋል። ባዶውን ሲመለስ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ማሰሪያው ጠፍር ነው፣ እሱም ቆዳ። የደጋ እረኛ በክረምት የሚደርበው ገሳ ከሣር የተሠራ ነበር። ገመዱ ከሣርና ከልጥ ይገመዳል፣ ሞሰቡና ሰፌዱ ከአክርማና ከስንደዶ ይሰፋል። ይህን ሁሉ «ለአካባቢ ተስማሚ» ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ሌላ ምርጫ አልነበረማ!

አሁን ወደ አንድ የምናውቀው ዓመት እንሂድ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ነሡ። ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህን በትምህርት ቤት ተምረናል። ያልተማርነው በዚያው እ.ኤ.አ. 1855 ከካልካታ ወጣ ብላ በምትገኘው ሪሽራ የህንድ የመጀመሪያው የጁት ፋብሪካ ሥራ መጀመሩን ነው። በጊዜው ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንዳች ነገር አልነበረም። ውሎ አድሮ ግን የካልካታ ከረጢት የዓለምን ገበያ ሞላው።

ጁት የቤንጋል ተክል ነው። ግንዱ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ይዘፈዘፋል፣ ልጡ ይላጣል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ህንዶች ጎኒ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ጉኒያ፣ እንግሊዞች ገኒ ይሉታል። እኛ ጆንያ እንለዋለን። ቡናችን ባሕር የተሻገረው በ60 ኪሎ የጁት ጆንያ ነው። አገር ውስጥም ከእንሰትና ከቃጫ ገመድና ጆንያ ይሠራ ነበር።

ሊማሊሞ ላይ አቆማዳን ያሸነፈው ግን የጆንያው ጥሩነት ብቻ አይመስለንም። መንገዱ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በዚያ ገደል ላይ የመኪና መንገድ ቆፈሩ። መኪና እንደ በቅሎ ጎን የለውም። የሚፈልገው ልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልሎ የሚቆም ከረጢት ነው። አቆማዳ ለእንስሳ ጎን ተሠራ፣ ጆንያ ለቁልል። ቢሆንም ጆንያም የተክል ልጅ ነው። ይሰፋል፣ ይጣፋል፣ ሲያረጅ የእግር መጥረጊያ ይሆናል፣ በመጨረሻም አፈር ይገባል።

ነጩ ከረጢት

ቀጥሎ የመጣው ከረጢት ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ነው። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ እንደ ክር ተስቦ ተሸመነና ማዳበሪያ ሆነ። ከጆንያ ይቀላል፣ ይረክሳል፣ በእርጥበት አይበሰብስም። እዚህ ላይ እኛ የከተማ ልጆች ጥቂት ጨዋነት ያስፈልገናል። ገበሬው ጆንያውን የተወው ስለሞኘ አይደለም። ማዳበሪያውን እህል ይይዝበታል፣ ያነጥፈዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ጫፉን አጥፎ ራሱ ላይ ይደፋዋል። ገሳውን የተካው እሱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከነአዲ አርቃይ ያፈናቀላቸው ሰዎች ደባርቅና ዳባት ሲደርሱ ከዝናብ ያስጠለላቸው የፕላስቲክ ሸራ ነው። በዚያን ሰዓት ስለ ተፈጥሮ ቃጫ ስብከት የሚሰማ ጆሮ ሊኖር አይችልም።

ችግሩ መጨረሻው ነው። ማዳበሪያ ፀሐይ ሲበዛበት ይፈረካከሳል እንጂ አይበሰብስም። ታናሽ ወንድሙ ፌስታል ደግሞ አንድ ቀን አገልግሎ ቱቦ ይደፍናል፣ አጥር ላይ ይንጠለጠላል፣ ላም ሆድ ውስጥ ይገባል።

መንግሥትም ይህን ካወቀ ቆይቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከልክሎ ነበር። ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል የነበርን ሰዎች ዩኒቨርሲቲ እስክንጨርስ ድረስ ዳቦ የገዛነው በፌስታል ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠንከር ያለ አዲስ ሕግ አጽድቆ አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን የፕላስቲክ ከረጢት ከለከለ። ጥሩ ነው። ግን ጥያቄ አለን። ፌስታሉ ከወጣ ማን ይግባ?

የናቅነው እጅ

ቀላሉ መልስ «ወደ ጥንቱ እንመለስ» የሚለው ነው። እሺ፣ እንመለስ። ጥንት እነማን ነበሩ የሚሠሩት?

ቆዳውን የሚያለፋውን ፋቂ አልነው። ሸማውን የሚሸምነውን ቁጢት በጣሽ አልነው። ማረሻውን የሚቀጠቅጠውን ቡዳ ብለን ልጆቻችንን ከፊቱ ሸሸግን። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዕድሜ አገኘ።

በወገራና በሰሜን ሸማ በመሸመን፣ ሸክላ በመሥራትና ብረት በመቀጥቀጥ የሚታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ገበሬው በእነሱ ማረሻ አርሶ፣ በእነሱ ሸክላ አብስሎ፣ ማታ ስማቸውን ያጠፋ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሄዱ። በሁለተኛው ዘመቻ 36 ሰዓት ገደማ በሚሆን ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ተጓጉዘዋል። መሄዳቸው የእምነታቸውና የናፍቆታቸው ጉዳይ ነው። እዚህ ሳሉ እንዴት ያዝናቸው የሚለው ግን የኛ ጉዳይ ነው።

ሣሩም ቢሆን ሜዳ ላይ የፈሰሰ ሀብት አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የገባው፣ ከምክንያቶቹ መካከል እርሻና ግጦሽ ስለተጫነው ነው። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ። ስለዚህ «የተፈጥሮ» የተባለ ሁሉ ያለ ዋጋ አይገኝም። ሣሩ ያለቀበት ተራራ ገሳም ሰፌድም አይሰጥም። የመንዝ ሰዎች ይህን ቀድመው ገብቷቸው ነበር። ጓሳቸውን በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ከፍተው፣ በተራ ያጭዱት ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው።

ጁት አብቃዮቹ አገሮች ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1987 የተወሰኑ ምርቶች በጁት ከረጢት እንዲታሸጉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ ፌስታልን ከለከለች፣ በ2010 ደግሞ የጁት ማሸጊያን የሚያስገድድ ሕግ ጨመረች። ሕጎቹ ሁሉ በደንብ ተከብረዋል ማለታችን አይደለም። ሐሳቡ ግን ልብ ይገባል። አንዱን ከረጢት ስትከለክል ለሌላኛው ገበያ ታበጃለህ፣ ማለትም ለሚፈትለውና ለሚሸምነው ሰው ደመወዝ ታስባለህ። የኛ አዋጅ ፌስታሉን ያያል። ሰፊዋን፣ ሸማኔውንና ቆዳ አልፊውን ግን ገና በደንብ ያየ አይመስለንም።

እኛስ? ሰፌድ ሠሪዋ ጋ ቆመን ሃያ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት የምንከራከረው እኛ ነን። ያንኑ ሰፌድ ቦሌ መስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ስናየው በአምስት እጥፍ እንገዛና «ኢኮ» ብለን ፎቶ እንነሳበታለን። ከረጢት የሚጠፋው የሚሠራው ሰው ሲናቅና ሲከስር ነው። የሚመለሰውም የዚያ ሰው እጅ ሲከበርና ሲከፈለው ነው። ቤታችሁ ያለውን ማዳበሪያ ግን አትጣሉት፤ እስኪያልቅ ተገልገሉበት። ይህንን ከገበሬው መማር ነው።

የደባርቋ እናት በመጨረሻ አዘኑልን። ከተቀመጡበት ሥር አንድ አሮጌ ጆንያ አወጡ። ሦስት ቦታ ተጥፏል። ገብሱን ሞልተው አፉን በሲባጎ ሰፉልን። «የጆንያው ስንት ነው እማማ?» አልናቸው።

«ይሄ አይሸጥም» አሉ። «ስትመለሱ ታመጡልኛላችሁ።»

ገብሱ አልቋል። ጆንያው ታጥፎ እኛ ጋ ተቀምጧል። የደባርቅ ጉዞ አለብን።

ቸር እንሰንብት።