ዳዋና አድባር፤ በኦቾሎና በጋሞ ደጋ የመሬት ምንጠራና የአሮጌ ዛፎች ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ በጋሞ ደጋ፥ በተለይም በኦቾሎ አካባቢ፥ ሕዝቡ ዳዋ የዋጠውን መሬት ሲመነጥር አሮጌዎቹን ዛፎች ሳይጎዳ ለመተው የተከተለውን ሥርዐት፥ ይህም ሥርዐት በምን ምክንያት እየላላ እንደ መጣ መመርመር ነው። ስለ ጋሞ ዛፎች ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን ገበሬውን የደን ጠላት ያደርገዋል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ዛፉን ስለሚፈራ ብቻ እጁን የሚሰበስብ ሰው አድርጎ ይሥለዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል፤ ይኸውም የትኛው ዛፍ እንዲቀር፥ የትኛው እንዲቆረጥ የመወሰኑ ሥልጣን በማን እጅ ነበር የሚለው ነው።

አስቀድሜ ስለ ስም ጥቂት ልበል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች «ኦክ» የሚባለውን ታላቅ ዛፍ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ደጋግመን አንብበናል፤ በዐይናችን ግን አላየነውም፤ በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮ አይበቅልምና። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አብርሃም የተቀመጠበትን የመምሬን ኦክ «የአድባር ዛፍ» ይለዋል። የዕፀዋት ሊቅ በዚህ ትርጉም ላይደሰት ይችላል፤ ለታሪክ ተማሪ ግን እጅግ ጠቃሚ ነው። አድባር የአንድ ዘር ዛፍ ስም አይደለም። ጥድም፥ ዝግባም፥ ሾላም፥ ወይራም አድባር ሊሆን ይችላል። አድባር የሚያሰኘው ዕድሜውና ሰው በሥሩ መሰብሰቡ ነው። እንግዲህ ሌላው ዓለም ስለ ኦክ የሚጠይቀውን ጥያቄ እኛ ስለ አድባር ዛፍ ብንጠይቅ ከነገሩ አንርቅም።

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፥ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ፥ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል እያየች በዓለት ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። እንደ ጋሞ ደጋ ሁሉ፥ በዚያም ሰው ብዙ፥ መሬት ጥቂት ነው። በጋሞ አገር እንሰት ከቤቱ አጠገብ በፍግ ይለማል፤ ከዚያ ወዲያ ገብስና ሌላው እህል ይዘራል፤ ቁልቁለቱ በድንጋይ እርከን ተይዟል። ይህ መልክ ያለ መጥረቢያ አልመጣም። እርከን የሚሠራ ሕዝብ አስቀድሞ መንጣሪ ነው። ስለዚህ ጋሞዎች ዛፍ አይቆርጡም ነበር የሚለው የዋህ አስተያየት በዐይን በሚታየው መሬት ፈርሷል። መመርመር የሚገባው፥ ይህን ያህል በመነጠረ አገር ውስጥ በየኮረብታው ራስ፥ በየመቃብሩና በየሸንጎው ቦታ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዛፍ ደሴቶች እንዴት ሊቀሩ ቻሉ የሚለው ነው።

የጋሞ አገር ከመያዙ በፊት አርባ ያህል ደሬዎች ነበሩ። ደሬ ማለት አገር ማለት ነው፤ የራሱ ወሰን፥ የራሱ ሸንጎ፥ በብዙ ቦታም የራሱ ካዎ ነበረው። ሕዝቡን የሚያገለግሉት ሀላቃዎች ከመካከሉ ይሾሙ ነበር። ጉዳይ የሚታየው ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ቦታ ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረ ሰብ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በአብዮቱ ዘመን አካባቢ ኦቾሎ ተቀምጦ ያጠናው፥ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመውም መጽሐፍ፥ ርእሱ እንኳ ፖለቲካ ስለሚሠራበት ቦታ ነው። የእርሱ ጥናት ለእኛ ጥያቄ የሚሰጠው ፍሬ ይህ ነው፤ በኦቾሎ ሥልጣን ማለት በአንድ የታወቀ ሥፍራ ተሰብስቦ መናገር ነበር።

እንዲህ ከሆነ፥ በዱቡሻ ወይም በመቃብር ያለ ዛፍ የማንም ገበሬ ዛፍ አይደለም። በራሱ ማሳ ውስጥ ያለውን ብሳና ገበሬው በራሱ ፈቃድ ይቆርጣል፤ ቅጠሉ ለአፈሩ፥ ጥላው ለእንሰቱ ይጠቅማል ብሎ ዋንዛውን ሊተወውም ይችላል፤ ይህ የቤቱ ጉዳይ ነው። የአደባባዩን ዛፍ የነካ ግን ጎሜ ይሆንበታል። ጎሜ የተከለከለን ነገር መድፈር ነው፤ መዘዙም በሕመም፥ በዝናብ መጥፋት ወይም በከብት ሞት ይመጣል ተብሎ ይታመናል፤ በሽማግሌ ፊት መናዘዝና መንጻት ያስፈልገዋል። ብዙ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ሲደርሱ «እምነት ነው» ብለው ያቆማሉ። ነገር ግን ጎሜን የሚመረምር፥ ካሳውን የሚወስን፥ አጥፊውን ከጎረቤቱ የሚያስታርቅ አካል ባይኖር፥ ፍርሃቱ ብቻውን ስንት ዓመት ይቆይ ነበር? ዛፉን ያቆየው ፍርሃቱና ሸንጎው ሁለቱ በአንድነት ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ቦታ ግን ያለፈውን ዘመን አላግባብ ማመስገን አይገባም። ያ ሸንጎ የሁሉ አልነበረም። ሴቶች በአብዛኛው ድምፅ አልነበራቸውም። ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎች ከሙሉ ዜግነት ተገልለው ኖረዋል። የእርሻ መሬት የሌለው ወይም ጥቂት ብቻ ያለው ሸክላ ሠሪ ማሰሮውን የሚተኩሰው በማገዶ ነው። እንጨት የምትለቅመውም ሴት ናት። እንግዲህ ዳዋውን አጥብቀው የሚፈልጉት ሰዎች ስለ ዳዋው በሚወሰንበት አደባባይ አልተቀመጡም። ይህን ያልጻፈ የደን ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።

በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ፥ በምኒልክ ዘመን፥ የጋሞ አገር ወደ ማእከላዊው መንግሥት ግዛት ሲገባ፥ ብዙዎቹ ካዎዎች ባላባት ተባሉ። ሥርዐቱ በስሙ ቆየ፤ ተጠያቂነቱ ግን ወደ ላይ ሆነ። ገባሩ ግብርና ጉልበት የሚከፍልበት መሬት የታረሰው ነው፤ ስለዚህ መመንጠር አዲስ ምክንያት አገኘ። በ1957 ዓ.ም. የወጡት የደን አዋጆች ደኑን የመንግሥት፥ የግልና የጥበቃ ብለው ለዩት። የዱቡሻ ዛፍ ከሦስቱ በየትኛው ይገባል? የመንግሥት እንዳይባል ሸንጎው በላዩ ተቀምጧል፤ የግል እንዳይባል ባለቤት የለውም። በዚህ አከፋፈል የደሬው ሸንጎ በስሙ የሚጠራበት ክፍል አላገኘም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው አዋጅ ለገባሩ ታላቅ ነጻነት ነበር፤ ይህን ማንም ቅን ታሪክ ጸሐፊ አይክድም። ነገር ግን ውሳኔውን ለገበሬ ማኅበር ሲሰጥ፥ የዱቡሻ ሹማምንት ሥራቸውን አጡ፤ በደርግ ዘመን ሥርዐታቸውም እንደ ኋላ ቀር ልማድ ተከለከለ። በሌላው ወገን፥ ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ የተስፋፋው የወንጌል ስብከት ለጎሜ መገዛትን አስቀረ። አማኙ ዛፉን መፍራት ሲተው፥ አንዳንዱ መጥረቢያውን አነሣ፤ አንዳንዱ ከብቱን ወደ ውስጥ አሰማራ። እኔ የሚሲዮን ተማሪ ነኝና በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አይገባኝም፤ ፍርሃቱ መውደቁ መልካም ነው፤ በፍርሃቱ ፋንታ ዛፉን የሚጠብቅ ሌላ ሕግ አለመተከሉ ግን ጉድለት ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ፥ እንደ አገሩ ሁሉ፥ ጠባቂ ያጣ ዛፍ ብዙ ወደቀ። ሆኖም የሽማግሌዎቹ ክብር ፈጽሞ አልጠፋም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ ከተማ በተቈጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው በቀልን ማስቆማቸውን አገር ያስታውሰዋል።

ስለ ቆላው በአጭሩ እናገራለሁ። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ከወረደ በኋላ፥ የደጋውም ሰው እየወረደ በአባያ ዳር ሠፈረ። ኦቾሎ ላንቴ የተባለው ቀበሌ ስሙ ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ ዛሬ የሚታወቀው በሙዝ ነው። ቆላው የተመነጠረው ዱቡሻ ሳይተከልበት ስለ ሆነ፥ የትኛው ዛፍ እንደሚቀር የወሰነው እያንዳንዱ መንጣሪ ነው።

አሁን ወደ ዳዋው ራሱ ልመለስ። ዳዋ ይመንጠር የሚለው ሰው ሁልጊዜ አጥፊ አይደለም። በኦቾሎ ደግሞ ጉዳዩ የጤና ነው። መንደሯ ቁንጭር በሚባለው የቆዳ ሕመም በሳይንስ መጻሕፍት ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ትታወቃለች። ሕመሙን የሚያስተላልፈው ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ተዋሲው የሚኖረው በዓለቱ ስንጥቅና በዋሻው በሚያድረው ሽኮኮ ላይ ነው። በመንደሯ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተደረገ ምርመራ ከተማሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት የዳነ ቁስል ጠባሳ ተገኝቶባቸዋል። ልጁ ፊቱ ላይ ጠባሳ የቀረበት አባት በቤቱና በዓለቱ መካከል ያለው ጥሻ ይነሣልኝ ቢል ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን የሽኮኮው ዋና ቤት ዓለቱ ነው፤ ከዓለቱ ሥር ያለውን ጥሻ ለማንሣት በአደባባዩ ያለውን ጥድ መጣል አያስፈልግም። ጥያቄው ዳዋውን ከአድባሩ ለይቶ ማንሣት ነው።

ይህም ጥበብ ይጠይቃል። የዛፍ ሥር ሰው እንደሚያስበው ቁልቁል ብቻ አይወርድም፤ አብዛኛው ከላይኛው አፈር ውስጥ፥ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። በእንግሊዝ አገር የግንባታ ደንብ ከግንዱ ዙሪያ የማይነካው መሬት በየአቅጣጫው የግንዱን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል እንዲሆን ያዛል፤ ለጥንታውያን ዛፎች ደግሞ 15 እጥፍ ይመከራል። ግንዱ አንድ ሜትር ወርድ ያለው አሮጌ ዝግባ በዚህ ስሌት በየአቅጣጫው 15 ሜትር ይፈልጋል። በዚህ ክልል ውስጥ ቁጥቋጦውን በማጭድና በገጀራ ከአፈሩ ላይ መቍረጥ እንጂ በዶማ ከሥሩ መንቀል አይገባም፤ ዶማው የቁጥቋጦውን ሥር ሲፈልግ የዛፉንም ይበጥሳል። የተቈረጠውን ከግንዱ ሥር ከምሮ ማቃጠል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዛፉ በዚያ ቀን ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ስለሚደርቅ ማንም እሳቱን አይከስስም። የእርከን አፈር በግንዱ አንገት ላይ መቈለልም እንደዚሁ ይገድላል፤ ከብት ደጋግሞ የረገጠው አፈርም ሥሩን አየር ይነሣዋል።

እንግሊዞች ራሳቸው ሌላ ነገር ተምረዋል። በግልጥ ሜዳ ያደጉ አሮጌ ኦኮቻቸውን ኋላ የተተከለ ጥድ መሰል ዛፍ ሲውጣቸው፥ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ ቢመነጥሩት በጥላ የለመደው ዛፍ በድንገተኛው ፀሐይና ነፋስ ይጎዳል። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ፥ በብዙ ዓመት ውስጥ ይገልጡታል። በእኛም አገር በባሕር ዛፍ የተከበበ አሮጌ ኮሶ ወይም ጥድ ላለው ሰው ይህ ምክር ይረባዋል።

ነገር ግን ዛፉን አለመግደል አንድ ነገር ነው፤ ዛፉን መተካት ሌላ ነው። የዱቡሻ ሥርዐት ራሱ ደካማ የነበረው በዚህ ይመስለኛል። ሰው እንዲቀመጥበት ሥሩ ይጸዳል፤ ከብት ይገባበታል፤ ለጸጂው ዐይን ደግሞ የሁለት ዓመት የጥድ ችግኝና ቁጥቋጦው አንድ ናቸው። ወይራና ብሳና ቢቈረጡ ከጉቶአቸው ያቈጠቍጣሉ፤ ጥድ ግን ከጉቶው አይመለስም፤ ዘሩ ካልበቀለ ዘሩ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት መቶ ዓመት በጥንቃቄ የተጸዳ አደባባይ የሦስት መቶ ዓመት ዛፎች ብቻ ይዞ፥ የሠላሳ ዓመት አንድም ሳይኖረው ሊገኝ ይችላል።

ይህ ችግር የጋሞ ብቻ አይደለም። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፥ ከብት የሚገባበት ቅጽር ውስጥ አሮጌው ዛፍ ቆሞ ሳለ ችግኙ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። በዚያ አገር ካህናቱና ምእመናኑ ከማሳቸው ያነሡትን ድንጋይ ሰብስበው በደኑ ዙሪያ ካብ ሠርተዋል፤ ድንጋዩ ከእርሻው መነሣቱ ለገበሬው፥ ካቡም ለደኑ ጠቀመ። ኦቾሎ ካላት ሀብት ሁሉ ድንጋይ የማያልቅባት ናት፤ ካብ መካብም ለጋሞ ገበሬ አዲስ ሥራ አይደለም። የሚያስፈልገው መላው አደባባይ እንዲታጠር አይደለም፤ ሰው መሰብሰቢያ ያጣልና። ከአሮጌው ዛፍ ጥላ ውጭ፥ ፀሐይ በሚያገኘው ወገን፥ ከብት የማይደርስበት ጥቂት ክንድ ቦታ ቢካብ፥ ከማጭዱም በፊት ችግኙን ከቁጥቋጦው የሚለይ አንድ ሰው ገብቶ በእንጨት ምልክት ቢያቆም ይበቃል። ያም ሰው ማገዶ ለቃሚዋ ብትሆን መልካም ነው፤ የትኛው ቡቃያ ምን እንደሚሆን ከእርሷ ይበልጥ የሚያውቅ በመንደሩ ብዙ አይገኝምና።