ላልበራ መብራት የሚከፈል

ቤቱን ቆልፎ ሁለት ወር አገር ቤት የከረመ ሰው ተመልሶ የመብራት ቢሉን ሲያይ፣ ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ "ማን አብርቶት ነው?" የሚል ነው። ቆጣሪው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ወረቀቱ ላይ ግን "የአገልግሎት ክፍያ" የሚል መስመር ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ይህች መስመር የመብራት ኃይል ፈጠራ የምትመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ታሪኳ ግን ረጅም ነው፤ ከአዲስ አበባም ርቆ ይጀምራል።

ቶማስ ኤዲሰን በኒውዮርክ ፐርል ስትሪት የተከለውን ማመንጫ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 ሥራ ሲያስጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ለወራት በነፃ ነበር የበራላቸው። ቆጣሪው ገና አልታመነም ነበርና። የመጀመሪያው ቢል የወጣው በጃንዋሪ 1883 ሲሆን፣ የደረሰው አንሶኒያ ለተባለ የናስና የመዳብ ኩባንያ ነው።

የዚያን ጊዜ ቆጣሪ የሚሽከረከር ነገርም ሆነ የሚነበብ ቁጥር አልነበረውም። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የዚንክ ጨው ሙሙት ይሞላና ሁለት የዚንክ ሰሌዳዎች ይነከሩበታል። ኤሌክትሪኩ ባለፈ ቁጥር ዚንኩ ከአንዱ ሰሌዳ እየለቀቀ በሌላው ላይ ይለጠፋል። በወሩ መጨረሻ ሠራተኛ መጥቶ ሰሌዳዎቹን ያወጣል፣ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ በሚዛን ይመዝናል። ከክብደቱ ለውጥ ሒሳቡ ይወጣል። በክረምት ፈሳሹ እንዳይበርድበት በሣጥኑ ውስጥ አምፖል ይበራለት ነበር። ደንበኛው በበኩሉ ስንት እንደተጠቀመ የሚያይበት አንዳችም መንገድ አልነበረውም፤ የተባለውን መክፈል ነው።

ጥርጣሬው ታላላቆቹንም አልማረም። ኤዲሰን በኋላ እንዳወራው፣ የባንክ ቱጃሩ ጄ. ፒ. ሞርጋን ቢሉ በዝቶበት ቅሬታ አቀረበ። በቢሮው ባሉ መብራቶች ላይ ካርድ ተንጠለጠለ፤ ሠራተኞቹ ያበሩበትንና ያጠፉበትን ሰዓት እየጻፉ አንድ ወር አለፈ። ካርዶቹ ሲደመሩ ከቆጣሪው አነሱ፤ ሞርጋንም አላልኳችሁም? አለ። ሲጣራ ግን ጽዳት ሠራተኛው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ መብራቱን እያበራ ይሠራ እንደነበር ታወቀ። የእሱ ሰዓት ሲጨመር ሒሳቡ ልክ መጣ። ተራኪው ኤዲሰን ራሱ ቆጣሪውን የሠራው ሰው ስለሆነ ወሬውን በመጠኑ ማመን ይበቃል፤ ቢሆንም በግቢ ቆጣሪ የሚጣላ ተከራይ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው።

ቆጣሪ በሌለበት ደግሞ የሚከፈለው በአምፖል ቁጥር ነበር። ይህን ያህል አምፖል፣ በወር ይህን ያህል ገንዘብ፤ አለቀ። ለኩባንያው ሒሳብ አያያዝ ቀላል ቢሆንም፣ ቁርጥ የከፈለ ሰው መብራት ለማጥፋት ምን አስጨነቀው? እ.ኤ.አ. በ1888 የዌስቲንግሃውስ መሐንዲስ ኦሊቨር ሻለንበርገር አንድ የአርክ መብራት ሲመረምር ትንሽ ስፕሪንግ ከቦታዋ ወደቀች፤ የወደቀችው ስፕሪንግ ቀስ እያለች ስትዞር አያት። ያዞራት መግነጢሳዊ ኃይል መሆኑን ተረድቶ በሳምንታት ውስጥ ቆጣሪ ሠራበት። በቀጣዩ ዓመት የሃንጋሪው ኦቶ ብላቲ የራሱን አስመዘገበ። ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ለመቶ ዓመት ሲሽከረከር የኖረው ዲስክ የእነዚህ ሥራዎች ዝርያ ነው።

ቆጣሪው ከተገኘ በኋላ ሁሉም ነገር በኪሎዋት ሰዓት ቢሰላ ጉዳዩ ያበቃ ይመስል ነበር። አላበቃም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1892 ጆን ሆፕኪንሰን የተባለ የማንቸስተር ተወላጅ መሐንዲስ ለንደን ውስጥ ለወጣት መሐንዲሶች ማኅበር ንግግር አደረገ። ርዕሱ ኤሌክትሪክ ለማቅረብ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል የሚል ነው። ነጥቡ አጭር ነበር። ማመንጫው ሲመሽ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ለሚያበራበት ሰዓት የሚበቃ መሆን አለበት። ያ ሰዓት ካለፈ በኋላ አብዛኛው ማሽን ሥራ ፈት ይቆማል፤ ተከላው፣ የብድር ወለዱ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ግን አይቆምም። በተጠቀሙበት መጠን የሚጨምረው ወጪ በዋናነት የድንጋይ ከሰሉ ነው። የሠርግ ድንኳንና ወንበር የተከራየ ሰው እንግዳው ቢቀርም ኪራዩ እንደማይቀርለት ማለት ነው። ስለዚህ ሆፕኪንሰን ቢሉ ለሁለት ይከፈል አለ፤ አንዱ ክፍል ዝግጁ ሆኖ ለመጠበቅ፣ ሌላው በትክክል ለተበላው። ሆፕኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1898 ከሦስት ልጆቹ ጋር በአልፕስ ተራራ ላይ ወድቆ ሞተ። የቢል አሠራሩ ግን ተረፈ።

ሐሳቡን ወደ ሥራ የለወጠው በባሕር ዳሯ የእንግሊዝ ከተማ ብራይተን የኤሌክትሪክ ኃላፊ የነበረው አርተር ራይት ነው። ደንበኛው በወሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሳበውን ከፍተኛ መጠን የሚመዘግብ የብርጭቆ ቱቦ ሠራ፤ ኤሌክትሪኩ ሲያሞቀው ፈሳሹ ሞልቶ ይፈስሳል፣ የፈሰሰውም ተመልሶ አይገባም። በብዙ አምፖል ለጥቂት ጊዜ የሚያበራ ደንበኛ ውድ ከፈለ፤ በጥቂት አምፖል ለረጅም ሰዓት የሚያበራ ርካሽ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1894 የገና ሰሞን የቀድሞው የኤዲሰን ጸሐፊ ሳሙኤል ኢንሱል ወደ ብራይተን ጎራ ሲል ትናንሾቹ ሱቆች ሳይቀሩ ቦግ ብለው በርተው አገኛቸው። ምክንያቱን ጠይቆ ተረዳና አሠራሩን ወደ ቺካጎ ወሰደው።

በቢላችን ላይ ያለችው ወርሃዊ መስመር ይበልጥ የምትቀርበው ግን ለሌላ ሰው ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ዶሄርቲ እ.ኤ.አ. በ1900 አንድ ሦስተኛ ክፍል ይጨመር አለ፦ ደንበኛ በመሆን ብቻ የሚከፈል። አንድ አምፖል ላለውም ሃምሳ ላለውም ቆጣሪ መትከል፣ በየወሩ ማንበብ፣ ሒሳብ መጻፍ፣ ወረቀት መላክ የሚያስወጣው ገንዘብ ተቀራራቢ ነውና። ሕዝቡ አልወደደውም። ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ክፍያውን በመጀመሪያዎቹ ኪሎዋት ሰዓቶች ዋጋ ውስጥ ሸሸጉት፤ የመጀመሪያው እርከን ውድ፣ እየተጠቀሙ በሄዱ ቁጥር እየረከሰ የሚሄድ ሆነ። ይህ ልማድ የተናጋው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ኤሌክትሪክን መጀመሪያ ያየችው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። በኋላ የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ በአቃቂ ወንዝ ላይ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም መብራት ኃይል ነው የሚለው። ሆፕኪንሰን ኢትዮጵያን ቢያይ የሚገርመው አንድ ነገር ነበር። የእሱ ማመንጫ ከሰል ይበላል፤ የእኛ ኃይል ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ደረሰኝ አይልክም። ግድቡ፣ የማስተላለፊያ መስመሩ፣ ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩ ግን የተሠሩት በብድርና በብዙ ገንዘብ ነው። ወጪው ሁሉ ለማለት ይቻላል ቋሚ ወጪ ነው። በሆፕኪንሰን ስሌት ከሄድን አብዛኛው ቢላችን ቁርጥ ወርሃዊ ክፍያ መሆን ነበረበት። ይህ ክፍያ ለሁሉም እኩል ቢደረግ በአንድ አምፖልና በአንድ ሬዲዮ የሚኖር ቤተሰብ የባለ ቪላውን ያህል ይከፍላል፤ ይህን የሚደፍር መንግሥት የለም፣ መድፈርም አይገባውም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ታሪፍ የተገላቢጦሹን መንገድ መረጠ። በኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው ፍጆታው ሲጨምር ይጨምራል፤ የአገልግሎት ክፍያውም ራሱ እንደ ፍጆታው ከፍ ዝቅ ይላል። በ1998 ዓ.ም. የወጣውና ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በወር እስከ 25 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአገልግሎት ክፍያውን 1 ብር ከ40 ሣንቲም አድርጎት ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው ማሻሻያ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች ዋጋ በነበረበት፣ በ27 ሣንቲም ከሽርፍራፊ ቀረ፤ የአገልግሎት ክፍያው ግን በየወሩ ለሚከፍል የቤት ደንበኛ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር፣ ከዚያ በላይ 42 ብር ሆነ።

እዚህ ላይ እርሳስ ማንሳት ይጠቅማል። በዚያ ታሪፍ በወር 20 ኪሎዋት ሰዓት የበላ ቤት ለፍጆታው 5 ብር ከ46 ሣንቲም ይመጣበት ነበር፤ በላዩ 10 ብር። ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ላልበራ መብራት የተከፈለ ነበር። በ50 እና በ51 መካከል ደግሞ ገደል ነበር፤ በአንዲት ኪሎዋት ሰዓት ሰበብ ቋሚው ክፍያ በ32 ብር ይዘል ነበር። አንድ ምሽት እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ከዚህ መስመር ማዶ ሊያሻግር ይችል ነበር።

ይበልጥ የሚያሳዝነው የግቢ ቆጣሪ ጉዳይ ነው። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲገለገል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቢቆጠር በድሃው እርከን ውስጥ ይገባ የነበረ ሰው ተደምሮ የባለጸጋ ፍጆታ ይሆናል። አከራይዋ ቢሉን በአምፖል ቁጥር ወይም በራስ ቁጥር ስታካፍል፣ ከቆጣሪ በፊት የነበረው አሠራር ተመልሶ ይመጣል፤ ምጣድ ያለውና ሞባይል ብቻ ቻርጅ የሚያደርገው እኩል ይመደባሉ። ጠቡም እኩል ይደርሳቸዋል። ዝቅተኛው ታሪፍ የወጣው ለእነዚህ ሰዎች ነበር፤ አልደረሳቸውም።

ቋሚው ክፍያ መኖሩ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ደረጃው ገደል መሆኑና ቆጣሪ የሌለውን ተከራይ አለማወቁ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗልና፣ የየቤቱ ቁጥር ከላይ ከተጻፈው ይለያል። ቢል ሲመጣ መጀመሪያ የታችኛውን ድምር ሳይሆን የአገልግሎት ክፍያውንና የፍጆታውን መስመር ለየብቻ ያንብቡ፤ በግቢ ቆጣሪ የሚገለገሉ ከሆነም ወረቀቱን አከራይዎን ጠይቀው ይዩት።