61 ዓመት ከባላንጣ ጋር

ኖቬምበር 19 ቀን 2012 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ ወጥቶ ቢግ ቴን የተባለውን ማኅበር እንደሚቀላቀል አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኮንፈረንስ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት የሚገናኙበት የውድድር ማኅበር ነው፤ አንድ ቡድን በየዓመቱ ከማን ጋር እንደሚጋጠም፣ የቴሌቪዥኑንም ገንዘብ ከማን ጋር እንደሚካፈል የሚወስነው እርሱ ነው። ዜናው ለብዙው የአገራችን ሰው ጆሮ የሚያስጥል አልነበረም። እኔ በምሠራበት ክሊኒክ ግን በዚያ ሳምንት የደም ግፊታቸውን ሊያስለኩ የመጡ አዛውንት የሚያወሩት ስለ ግፊታቸው አልነበረም። ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ወግ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ፣ ሞቶ ያልተቀበረ ነገር ያነሡና ይጥሉ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ፣ ከሚያነሡት ትዝታ የሚበዛው ሜሪላንድ ድል ያደረገበት ሳይሆን የተሸነፈበት መሆኑ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለማወቅ የኮንፈረንሱን ታሪክ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ኤሲሲ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ይህ ማኅበር ራሱ የተወለደው በፍቺ ነው። ሜሪላንድ እስከ 1953 ድረስ 17 አባላት የነበሩት የሳውዘርን ኮንፈረንስ አባል ነበር። ያ ማኅበር አባሎቹ በአዲስ ዓመት ሰሞን በሚደረጉት፣ ዝናም ገንዘብም በሚያስገኙት የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያዎች እንዳይካፈሉ ከለከለ። ሜሪላንድና ክሌምሰን ክልከላውን ጥሰው በጃንዋሪ 1952 ተጫወቱ፤ ተቀጡም። ሜይ 8 ቀን 1953 በኖርዝ ካሮላይና፣ በግሪንስቦሮ ከተማ አጠገብ በሚገኝ ሴጅፊልድ በተባለ ሆቴል ሰባት ትምህርት ቤቶች ተሰብስበው የራሳቸውን ጎጆ ወጡ፤ ክሌምሰን፣ ዱክ፣ ሜሪላንድ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት፣ ሳውዝ ካሮላይናና ዌክ ፎረስት። ቨርጂኒያ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለ። እንግዲህ በ2012 «ስለ ገንዘብ ብለው የአባቶቻችንን ቤት ፈቱ» እያሉ የተቆጡ ደጋፊዎች፣ ቤቱ ራሱ በምን ምክንያት እንደተሠራ እምብዛም አያነሡም ነበር። ሰው የቤቱን መሠረት ሳይሆን ያደገበትን ምድጃ ነው የሚያስታውሰው።

ከሰባቱ መሥራቾች አራቱ በአንድ ክፍለ ሀገር፣ በኖርዝ ካሮላይና፣ የሚገኙ ናቸው፤ አካባቢያቸውም የትምባሆ መንገድ እየተባለ ይጠራል። የኮንፈረንሱ መሥሪያ ቤት እዚያው ግሪንስቦሮ ነበር። ሜሪላንድ በሰሜን ጫፍ፣ ከዋሽንግተን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ደቡቦቹን በጥርጣሬ ይመለከት ነበር፤ ዳኛውም፣ መርሐ ግብሩም፣ አዳራሹም ለካሮላይናዎች ያደላል የሚለው ምሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። ምሬቱ እውነት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ላይ የሚያቆም ምሬት መኖሩ ግን በራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ማኅበሩ ሲመሠረት ከአባሎቹ ቡድኖች በአንዱም ውስጥ ጥቁር ቅርጫት ኳስ ተጫዋች አልነበረም። ይህን የለወጠው ሜሪላንድ ነው። በ1963 ዳሪል ሂል በፉትቦል፣ በ1965 ደግሞ ቢሊ ጆንስ በቅርጫት ኳስ የሜሪላንድን መለያ ለብሰው የኮንፈረንሱ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተጫዋቾች ሆኑ። በ1955 የተከፈተው የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ ኮል ፊልድ ሃውስ፣ ከዚህ የሚበልጥም አይቷል። ማርች 19 ቀን 1966 ለአገሪቱ ሻምፒዮናነት በዚያ አዳራሽ ሁለት የሩቅ ቡድኖች ተገናኙ። ከቴክሳስ የመጣው ቴክሳስ ዌስተርን ጨዋታውን የጀመረው በአምስት ጥቁር ተጫዋቾች ነበር፤ ኬንታኪ ደግሞ አንድም ጥቁር አልነበረውም። ቴክሳስ ዌስተርን 72 ለ 65 አሸነፈ። የፖስታ ቤት ጡረተኛ የሆኑ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ታካሚዬ፣ ጎረቤታቸው ሆኖ ሳለ እንደ ባዕድ ያዩት የነበረውን ዩኒቨርሲቲ «የእኛ» ማለት የጀመሩት በቢሊ ጆንስ ምክንያት መሆኑን አጫውተውኛል።

ከዚያ 1974 ይመጣል። ስለዚህ ዓመት ሲነሣ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሌፍቲ ድሪዜል የሚባለው አሠልጣኝ በ1969 መጥቶ ሜሪላንድን የምሥራቁ ታላቅ ቡድን አደርገዋለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር። ሕጉ ልምምድ እንዲጀመር የሚፈቅደው ከኦክቶበር 15 ጀምሮ ስለነበር፣ በ1971 ድሪዜል ቀኑ እንደገባ፣ ገና ከእኩለ ሌሊት ሦስት ደቂቃ እንዳለፈ፣ ተጫዋቾቹን አስነሥቶ በጨለማ አስሮጣቸው፤ ዛሬ በመላው አሜሪካ የሚከበረው የእኩለ ሌሊት ልምምድ ልማድ ከዚያ የወጣ ነው። በ1974 ቶም መክሚለን፣ ሌን ኤልሞርና ጆን ሉካስን ይዞ በአገሪቱ አራተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ማርች 9 ቀን በግሪንስቦሮ፣ ለኮንፈረንሱ ዋንጫ፣ አንደኛ ደረጃ ላይ ከነበረው ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት ጋር ገጠመ። ከዴቪድ ቶምፕሰን ጎን የተሰለፈው ግዙፉ ቶም በርልሰን 38 ነጥብ አስቆጠረ፤ ጨዋታው በጭማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አለቀ። በዚያ ዘመን ወደ አገር አቀፉ ውድድር የሚያልፈው ከየኮንፈረንሱ አንድ ሻምፒዮን ብቻ ነበርና፣ ከአገሪቱ ምርጥ ቡድኖች አንዱ ዓመቱን በዚያች ሌሊት ፈጸመ። ድሪዜል ከጨዋታው በኋላ ወደ ባላጋራዎቹ አውቶቡስ ወጥቶ እንኳን ደስ ያላችሁ አላቸው። እነርሱም የአገሪቱን ዋንጫ ወሰዱ። በሚቀጥለው ዓመት የተወዳዳሪዎች ቁጥር ወደ 32 ከፍ ብሎ ከአንድ ኮንፈረንስ ከአንድ በላይ ቡድን እንዲያልፍ ተፈቀደ፤ ያቺ ሽንፈት ለዚህ እንደ ዋና ምክንያት ትጠቀሳለች። የአዛውንቱን ኩራት ያኔ ገባኝ። ተሸንፈው ሕግ አስለውጠዋል።

ስለ ሌን ባያስ ግን ሰዎች በቀላሉ አያወሩም፤ እኔም በሙያዬ ምክንያት ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው እወዳለሁ። ባያስ ያደገው ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቀው በላንዶቨር ነው። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1986 ሜሪላንድ ወደ ቻፕል ሂል ወርዶ፣ ኖርዝ ካሮላይናን በዚያው ዓመት ባስመረቀው አዲስ አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፈው ባያስ 35 ነጥብ አስቆጠረ። ውጤቱ በጭማሪ ሰዓት 77 ለ 72 ነበር። ጁን 17 ቀን የቦስተን ሴልቲክስ ቡድን ከአገሪቱ ወጣቶች ሁሉ በሁለተኛነት መረጠው። ጁን 19 ቀን ጠዋት ሞተ። ዕድሜው 22 ዓመት ነበር።

የገደለው ኮኬይን ነው። ይህ ዕፅ የልብን ደም ሥሮች ያኮማትራል፤ ልብ ምቷን የምትጠብቅበትን የኤሌክትሪክ ሥርዓትም ያናጋል። ጠንካራ አካል ከዚህ አያድንም፤ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው፣ ወጣት ሁሉ የማያምነው ነገር ይህ ነው። ባያስ የወሰደው ዱቄቱን ኮኬይን ነበር። በየጋዜጣው የተነዛው ፍርሃት ግን ክራክ ስለሚባለው፣ በድሃ ጥቁሮች መንደር ስለሚሸጠው ዓይነት ነበር። ምክር ቤቱ በወራት ውስጥ አዲስ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሬገን በኦክቶበር 1986 ፈረሙበት። በዚህ ሕግ መሠረት 5 ግራም ክራክ ይዞ ለሽያጭ የተገኘ ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት ይታሰራል፤ በዱቄቱ ለዚያው ቅጣት 500 ግራም ያስፈልጋል። አንድ ለመቶ መሆኑ ነው። በዱቄት በሞተ ልጅ ኀዘን የተነሣ ሕግ፣ የዚያኑ ልጅ ሰፈር የመሰሉ ሰፈሮችን ወጣቶች በክራክ እያሳበበ ወኅኒ አወረዳቸው። ልዩነቱ ወደ አንድ ለ18 የተቀነሰው በ2010 ነው፤ ከ24 ዓመት በኋላ። ፖስተኛው ታካሚዬ ከሰፈራቸው ልጆች ስንቱ በዚያ ሕግ እንደሄደ በጣታቸው መቁጠር ጀምረው ጣታቸው አልበቃ ሲላቸው ትተውታል።

ድሪዜል በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። የኤሲሲ የመጀመሪያው ጥቁር የቅርጫት ኳስ ዋና አሠልጣኝ የሆነው ቦብ ዌድ ተተካ፤ የእርሱም ዘመን በቅጣት ተደመደመ። በ1989 የመጣው የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተጫዋች ጌሪ ዊሊያምስ ነው የወደቀውን ያነሣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። በጃንዋሪ 2001 ሜሪላንድ ዱክን በገዛ አዳራሹ በአሥር ነጥብ እየመራ አንዲት ደቂቃ ያህል ሲቀር ዱክ ደርሶበት በጭማሪ ሰዓት አሸነፈው። በዚያው ዓመት ለአገሪቱ ዋንጫ በግማሽ ፍጻሜ እንደገና ተገናኙ፤ ሜሪላንድ በ22 ነጥብ ከመራ በኋላ 95 ለ 84 ተሸነፈ። ኤፕሪል 1 ቀን 2002 ግን በአትላንታ ኢንዲያናን 64 ለ 52 ረትቶ የመጀመሪያውን የአገሪቱን ዋንጫ አነሣ። የዚያን ሌሊት ተረኛ ሐኪም ነበርሁ፤ የባልቲሞሩ ልጅ ዋን ዲክሰን ኳሷን ወደ ሰማይ ሲወረውራት ያየሁት በሕሙማን መጠበቂያ ክፍል ቴሌቪዥን ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ያደጉት የእኛ ልጆች በዚያ ሰሞን ኤሊ የተሣለበት ቀይ ሸሚዝ ለብሰው ነበር፤ የቡድኑ ዓርማ የውሃ ኤሊ ነውና መፈክራቸው «ኤሊውን ፍሩ» የሚል ነው። ፈጣን ነገር በሚመለክበት አገር ኤሊን ፍሩ ማለት ደስ የሚል ድፍረት ይመስለኛል። ታክሲ ያሽከረክር የነበረ አንድ ወዳጄ ዋንጫው ከኢንዲያና እጅ መወሰዱ አላረካውም፤ «ዱክ ቢሆን ኖሮ!» ይል ነበር። ለምን ብለው፣ «ዶክተር፣ ጊዮርጊስ ባይኖር ቡና ምን ይጥም ነበር?» ሲል መለሰልኝ።

ወደ 2012 እንመለስ። ዩኒቨርሲቲው የስፖርት በጀቱ ጎድሎበት በዚያ ዓመት ክረምት ሰባት ቡድኖችን አጥፎ ነበር፤ በዋና፣ በሩጫና በመሳሰሉት ይወዳደሩ የነበሩ ወጣቶች መለያቸውን አስረክበዋል። ቢግ ቴን የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያለው ባለጠጋ ማኅበር ነው። ፕሬዚዳንቱ ዋላስ ሎ ሂሳቡን ሲያስቡት መልሱ ግልጽ ነበር፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። የምወቅሰው ነገሩ በዝግ በር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መወሰኑን ነው። የ61 ዓመት ጉዳይ ቢያንስ ለባለጉዳዮቹ ሊነገር ይገባው ነበር። ኤሲሲም ከ52 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመውጫ ክፍያ ጠይቆ ግሪንስቦሮ ላይ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክርክሩ በ2014 በ31.4 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ አለቀ።

ለፍትሕ ሲባል ግን አንድ ነገር መጨመር አለበት። ማን ማንን እንደተወ አከራካሪ ነው። ኤሲሲ ራሱ ለፉትቦል ገበያ ሲል በ2004 እና በ2005 ማያሚን፣ ቨርጂኒያ ቴክንና ቦስተን ኮሌጅን አስገብቶ፣ እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ጋር በቤቱና በእንግድነት በየዓመቱ የሚገናኝበትን ጥንታዊ ሥርዓት አፍርሶታል። በ2013 ሲራክዩዝና ፒትስበርግ ተጨመሩ። አዛውንቱ የሚያለቅሱለት የስምንት ቡድኖች ሠፈር ሜሪላንድ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ባዶ ሆኖ ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ለቀልደኛ ደራሲ የተመቸ ነበር። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2014 ሜሪላንድ በዱክ አዳራሽ ባደረገው የስንብት ጨዋታ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የተወረወረችው ኳስ ቅርጫቱ አፍ ላይ ተንከባልላ ወጣች፤ 69 ለ 67 ተሸነፈ። ማርች 9 ቀን ቨርጂኒያን በሜዳው በጭማሪ ሰዓት ረታ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ማኅበሩ በተወለደባት በግሪንስቦሮ፣ የፍሎሪዳ ስቴት ተጫዋች ሰዓቱ ሊያልቅ ከአንድ ሰከንድ በታች ሲቀር ኳሷን ጨመራት፤ 67 ለ 65። በ61 ዓመት ሦስት የኮንፈረንስ ዋንጫ፣ የ1958፣ የ1984ና የ2004፣ ይዞ ጁላይ 1 ቀን ወጣ።

በአዲሱ ቤት ሜሪላንድ አልከሰረም። በ2020 ከሁለት ሌሎች ቡድኖች ጋር የቢግ ቴንን አንደኛነት ተካፈለ፤ ወዲያው ወረርሽኙ መጣና የአገሪቱ ውድድር ተሰረዘ፤ እኛም ሐኪሞቹ ስለ ኳስ የምናስብበት ጊዜ አልነበረንም። በ2024 ቢግ ቴን እስከ ሎስ አንጀለስና ሲያትል ተዘርግቶ 18 አባላት አሉት። ኤሲሲም ከፓስፊክ ዳር ስታንፎርድንና ካሊፎርኒያን አስገብቷል፤ አትላንቲክ የሚለውን ስሙን ግን አልቀየረም። ሌፍቲ ድሪዜል በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 17 ቀን በ92 ዓመቱ ዐረፈ። የሜሪላንድን ጠላትነት ያስተማረው ይህ ሰው በ1954 የተመረቀው ከዱክ ነበር።

በዚያ ሰሞን ፖስተኛው ታካሚዬ ለምርመራ መጥተው ነበር። ግፊታቸው ደኅና ነው። ቡድናቸውን አሁንም ይከታተላሉ፤ በዚያ ሳምንት ከየትኛው የቢግ ቴን ቡድን ጋር እንደሚጫወት ግን አላስታወሱትም። ፐርዱን፣ ኢሊኖይን፣ ዊስኮንሲንን ስጠራላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ልጆች ናቸው» አሉኝ ክንዳቸውን ከመለኪያው እያወጡ፤ «አሥር ዓመት ሞከርኩ፣ ዶክተር፤ አንዳቸውንም ልጠላቸው አልቻልኩም።»